«እሺ» ያለው እጅ

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብሎ የተረተው ሰው፣ ፊውዝ የሚባል ነገር ሳይፈጠር የኖረ መሆን አለበት። በእትዬ ማስፈልፈያ ውስጥ የነበሩት እንቁላሎች በእግራቸው ለመሄድ ጥቂት ነበር የቀራቸው። አንዳንዶቹ ከውስጥ መቆርቆር ጀምረው ነበር። ጠዋት እትዬ የማሽኑን በር ከፍተው አንዱን ጉንጫቸው ላይ ሲያስጠጉት፣ ወንዝ ዳር እንዳደረ ድንጋይ ቀዘቀዛቸው። ሌላውን አነሱ። ያው ነው። መደርደሪያውን ሁሉ በጉንጫቸው ዳሰሱና ፖሊስ ጣቢያ ደወሉ።

«ግድያ ተፈጽሟል» አሉ።

«ስንት ሰው ነው የሞተው?» አለ ተረኛው።

«ሰው አልሞተም። ጫጩት ነው።»

«ጫጩቶቹ ምን ሆነው ነው የሞቱት?»

«ሳይወለዱ።»

ተረኛው ስልኩን ዘጋ። እትዬ መስኮቱን ከፍተው የቀረውን በአፋቸው ተናገሩ። ጣቢያው ሁለት ሠፈር ይርቃል፤ አዛዡ ግን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሰምቶ «ኢንስፔክተር ይላክ» አለ ይባላል።

እትዬ የማስፈልፈያው ባለቤት ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው እትዬ ስለሚላቸው ሠፈሩም ደንበኛውም እትዬ ይላቸዋል። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው።

የተላከው ኢንስፔክተር የማይቸኩል ሰው ነበር። አንድ ቀን ሌባ እያሳደደ የትራፊክ መብራት ቀይ ሲሆንበት ቆመ፤ ሌባውም አፍሮ አብሮት ቆመ፤ አረንጓዴ ሲበራ እኩል ሮጡ ይሉታል። አብሮት የሚሠራው ሳጅን ደግሞ ሰፊ ሆድና ጠባብ ትዕግሥት ያለው ሰው ነው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቀድሟቸው ደርሶ የማሞቂያውን ሳጥን ፈታቶት ነበር። የጠቆረ ፊውዝ በሁለት ጣቱ ይዞ አሳያቸው።

«ማን ቆረጠው?» አለ ሳጅኑ።

«ዕድሜ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሰው የቆረጠው እንዲህ አይቀልጥም። ይሄ አርጅቶ ነው የሞተው፤ ማልቀስም አያስፈልግም።»

ሳጅኑ ኮፍያውን አስተካከለ። «በቃ ወንጀል የለም። እንሂድ አለቃ።»

«ወዴት?» አሉ እትዬ፣ በሩ ላይ ቆመው። በሩ በእሳቸው ሲሞላ ሌላ መውጫ አልነበረውም። «ፊውዙን ማን አቃጠለው አላልኩም። ‹እሺ› ያለው ማነው ነው የምለው።»

ከዚያ አስረዱ። የማሽኑ ሙቀት ቢሮው ውስጥ ባለው ኮምፒውተር፣ በብሮውዘር ገጽ ላይ ይታያል። ሙቀቱ ሲወርድ ገጹ ላይ መስኮት ብቅ ይልና «ሙቀት ወርዷል» ብሎ ከሥሩ «እሺ» የሚል ቁልፍ ያሳያል። የሚጠብቅ ሰው ካለ «እሺ»ን ይጫንና ሄዶ ያያል። ማንም ካልጫነ ማሽኑ ሰው የለም ብሎ ያስባል፤ ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለእትዬ፣ ለወንድማቸው፣ ለልጃቸውና ለልጃቸው ባል ስልክ ይደውላል። እስኪነሱ ድረስ አያቋርጥም።

«ሌሊት ግን ለማንም አልደወለም» አሉ እትዬ። «ገጹ ላይ ተመዝግቧል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ሙቀት ወርዷል ብሎ ተናግሯል። በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሰው ‹እሺ› ብሎታል። እንቁላሎቼ ሲቀዘቅዙ አንድ ሰው እዚያ ተቀምጦ እያየ እሺ፣ እሺ፣ እሺ ሲል አደረ። ማን እንደሆነ ልንገርህ?»

«ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

«የልጄ ባል።»

የቢሮው በር ሁለት ቁልፍ አለው፤ አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ አማቻቸው ጋ። ማታ ቆልፎ የወጣው እሱ ነው። በዚያ ላይ የትናንትናው ጠብ አለ። ልጃቸውና ባሏ ከእሳቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ትናንት አማቹ «የራሳችን ቤት እንውጣ» ብሎ ጠየቀ፤ እሳቸው «እኔ ሳልፈቅድ ከዚህ ቤት የሚወጣ ጭስ ብቻ ነው» አሉት። ዛሬ እንቁላሎቹ ሞቱ።

«አቤቱታዬ ላይ ጻፍልኝ» አሉ። «‹እሺ› ያለው ይታሰር። ልጄም ወደ ልቧ ትመለስ፤ ትፍታው።»

ሳጅኑ ጻፈ። እሳቸው ፈረሙ። ፊርማቸው የወረቀቱን ግማሽ ይዞት ነበር።

*

አማቹ ረጅምና ቀጭን፣ ሲናገር ጫማውን የሚያይ ሰው ነበር። ቢሮው ውስጥ ባለው ብቸኛ ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«ማታ ቆልፈህ ወዴት ሄድክ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«በእግሬ ትንሽ ዞርኩ።»

«የት?»

«ዝም ብዬ።»

«ዝም ብሎ የሚባል መንገድ አላውቅም» አለ ሳጅኑ።

አማቹ ጫማውን አየ። ኢንስፔክተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። የብሮውዘሩ ጥግ ላይ ትንንሽ ምልክቶች ተደርድረዋል።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ኤክስቴንሽኖች ናቸው። ብሮውዘሩ ላይ የምትለጥፋቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች። ሁላችንም በዚሁ ኮምፒውተር ስለምንሠራ እያንዳንዳችን የሚጠቅመንን ለጥፈናል። ይቺ የቁልፍ ምልክት ያላት የኔ ናት። የይለፍ ቃሎችን ሁሉ አንድ ቦታ ቆልፋ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ የማስታውሰው አንዱን ብቻ ነው።»

«የማሽኑንም ገጽ ይለፍ ቃል?»

«እሱንም።»

«ስልክህም ላይ አለች?»

«አለች።»

ሳጅኑ ፈገግ አለ። «ስለዚህ ጓዳህ ውስጥ ተጋድመህ ‹እሺ› ማለት ትችላለህ።»

«እችላለሁ። ግን አላልኩም።»

«ታዲያ የት እንደነበርክ ንገረን።»

 ሳጅኑ የአማቹን የጫማ ማሰሪያና ቀበቶ አስፈትቶ ወደ ጣቢያ አስወሰደው። ሚስቱ መኪናውን በዓይኗ ሸኘችና ወደ ኢንስፔክተሩ ዞረች።

«ባሌ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞራል» አለች።

«የት እንዳመሸ ታውቂያለሽ?»

«ዘግይቶ ገባ። አልጠየቅኩትም። እዚህ ቤት የሚጠይቅ ሰው አልጠፋም።» አንዷን ምልክት በጣቷ ነካች። «ይቺ ጨረቃዋ የኔ ናት። ገጹን ታጠቁረዋለች፤ ነጩ ዓይኔን ያቃጥለኛል። እንቁላል ገድላ ከሆነ እኔንም እሰሩኝ፤ እዚያው አብሬው ልሁን።»

የእትዬ ወንድም የሒሳብ ሠራተኛ ነው። የራስ ቅሉ ከመላጣነቱ የተነሳ ዝንብ ሲያርፍበት ይንሸራተታል ይባላል፤ እሱም ይህን ወሬ አይክድም።

«የኔ ጋሻዋ ናት» አለ። «ማስታወቂያ ትከለክላለች። ምን ሆነ መሰለህ፣ ድሮ የትኛውንም ገጽ ስከፍት ‹መላጣ ነዎት?› የሚል ይዘልብኝ ነበር። ኮምፒውተሩ እንዴት ያውቃል? ካሜራ የለውም። የሚያክም ቅባት ብለው ሸጡልኝ፤ ትራሴ ጠጉር አበቀለ እንጂ እኔ ምንም። ከዚያ ወዲህ ጋሻዋን ለጠፍኩ።»

«ብቅ የሚል መስኮት ሁሉ ትከለክላለች?»

«እንግዲህ…» አለና ቆም አለ። ፊቱ ተለወጠ። «የማሽኑንም መስኮት ደብቃብኝ ይሆን እንዴ?»

«ቢደበቅ ‹እሺ› የሚለው አይኖርም፤ ማሽኑም ይደውል ነበር።»

ወንድምየው ተንፈስ አለ። «ይህን ለእትዬ ንገርልኝ። በጽሑፍ ቢሆን ይሻላል።»

አራተኛ ምልክት ነበረች፤ ትንሽ ፈገግ ያለች ፊት።

«ይቺስ?»

«የኔ አይደለችም። የልጅቷ ትሆናለች።»

ልጅቷ የባሏ ትሆናለች አለች። እትዬ ሲጠየቁ «እኔ ያንን ኮምፒውተር አልነካውም» አሉ። «ክፈት እላለሁ ይከፈታል፤ ዝጋ እላለሁ ይዘጋል።»

*

ከማስፈልፈያው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ማስፈልፈያ አለ። ባለቤቱ ወፍራም፣ እጁ የላባ ሽታ ያለው ነጋዴ ነው። እሱና እትዬ የማይነጋገሩት ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ሁለቱም ረስተዋል፤ አለመነጋገሩን ግን አልረሱም።

«የሷ እንቁላል በመሞቱ አዝኛለሁ» አለ ነጋዴው፣ ሳያዝን።

«ማታ አማቻቸውን አይተሃል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ነጋዴው ጢሙን ዳሰሰ። «ምን ብሎሃል?»

«ምንም አላለም።»

«ጎበዝ ልጅ።»

«ጣቢያ ታስሯል። ዝም ካለ ይቆያል።»

ነጋዴው ተነሥቶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋ። «እዚህ ነበር። እዚህ ወንበር ላይ። ሥራ ሊጠይቀኝ መጣ። ‹ቤት እንከራይ ዘንድ ሥራ ስጠኝ፣ ሚስቴን ይዤ ልውጣ› አለኝ። ሰጠሁት። አማቱ ከሚሰሙ ቢታሰር ይመርጣል መሰለኝ። እውነት ለመናገር እኔም እመርጣለሁ።»

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ ተቆጣ። «ይሄ ይባስ ነው አለቃ። ከጠላቷ ጋር ተማክሮ ነው የገደላቸው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ምን ቀረን?»

«‹እሺ› ያለው እጅ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እጁን አላየነውም።»

*

የፖሊስ ኮምፒውተር ባለሙያዋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። የማሽኑን መዝገብ ከሻጩ ድርጅት አስልካ ጠበቀቻቸው።

«አንድ መጥፎ ዜና አለኝ» አለች። «‹እሺ›ዎቹ ከስልክ አልመጡም። ሁሉም የመጡት ከዚያው ከቢሮው ኮምፒውተር ነው።»

«የቢሮው በር ላይ ያለው ካሜራ ደግሞ ማታ ከተቆለፈ በኋላ ማንም አልገባም ይላል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሰይጣን ብለን እንዝጋው» አለ ሳጅኑ።

«ሌላም ነገር አለ። መስኮቱ ብቅ ሲልና ‹እሺ› ሲባል እዩት።» ስክሪኑን አዞረችላቸው። «በመካከላቸው ጊዜ የለም። ዓይን ሳይርገበገብ ነው የሚጫነው። ሌሊቱን ሙሉ እንዲያ። እንቅልፍ የማይይዘው፣ የማያነብ፣ የማያመነታ እጅ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ሳጅኑ በበኩሉ በጎን ባለው ኮምፒውተር የኳስ ውጤት ሊያይ ገጽ ከፍቶ ነበር። ገጹ ላይ አንድ መስኮት መጣበት። «ድረ ገጻችን ኩኪ ይጠቀማል፤ ይስማማሉ?» ይላል። ሳጅኑ እየተነጫነጨ ተጫነው።

«ምን ላይ ነው የተስማማኸው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ኧረ እኔ እንጃ። ኩኪ የሚሉት ነገር። ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ይጠይቁኛል።»

«አንብበኸው ታውቃለህ?»

«ይሄንን ያነበበ ሰው ካለ አምጡልኝ፤ ጫማውን እስማለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ባለሙያዋ ዞረ። «ፈገግ ያለችው ፊት ምንድን ናት?»

ባለሙያዋ ፈለገች። ስታገኛት አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

«እነዚህ ‹ይስማማሉ?› የሚሉ መስኮቶች ሲመጡ ባንተ ፋንታ የምትስማማልህ ናት። ጥሩ የተሠሩ አሉ፤ እነሱ የኩኪን ጥያቄ ከሌላ ጥያቄ ይለያሉ። ይቺ ግን ‹እሺ› የሚል ቁልፍ ካየች ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ትጫናለች። ስትለጠፍ የጠየቀችውን ፈቃድ እዩ። ‹በምትከፍቷቸው ገጾች ሁሉ ላይ ያለውን ማንበብና መለወጥ› ይላል። ሠራተኛ ስትቀጥር ምን ትችላለህ ብቻ አይባልም፤ የትኞቹን ቁልፎች ትፈልጋለህ ተብሎም ይጠየቃል። ይቺ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ጠይቃ ተሰጥቷታል።»

«ቁልፉን ሁሉ የሰጣት ሰው ማነው?» አለ ሳጅኑ። «አማቹ ነው። ሆን ብሎ ለጥፎ ወጣ።»

«የተለጠፈችው ባለፈው እሑድ ነው» አለች ባለሙያዋ።

ኢንስፔክተሩ የካሜራውን ቅጂ አስከፈተ። እሑድ ቢሮው ዝግ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሩ ፊት ያለፈ አንድ ድመት ብቻ ነው፤ እሱም አልገባም።

«ሳትገባ ገባች» አለ ሳጅኑ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰይጣን ስል ትስቁብኛላችሁ።»

ባለሙያዋ ወደ ኢንስፔክተሩ ጎንበስ ብላ ስለ ብሮውዘሩ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። እሱ ስልክ አንሥቶ ለእትዬ ወንድም ደወለ፣ ጥያቄውን ደገመለት፣ መልሱን ሰማ። ከዚያ ኮፍያውን አነሣ።

«ወዴት ነው አለቃ?»

«ገጽ የሚከፍትልኝ ሰው ልፈልግ።»

*

የእትዬ ሳሎን ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታ አለው። ኢንስፔክተሩም ቦታ ተሰጠው፤ የተሰጠው ግን ጠንካራው ወንበር ነበር። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፕ አለ፤ ላዩ ላይ ጥልፍ ጨርቅ ተደርቦበታል።

«አመነ?» አሉ እትዬ።

«ገና ነው። አንድ ውለታ ይዋሉልኝ። ስለ እንቁላል ሙቀት የሚያወራ ገጽ ይክፈቱልኝ፤ እኔ እዚህ ላይ ደካማ ነኝ።»

«አንተ ፖሊስ አይደለህም እንዴ? ምን ታውቃለህ ታዲያ?» አሉ፤ ግን መጠየቃቸው ደስ ብሏቸዋል። ጨርቁን አነሡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ በአንድ ጣት እየለቀሙ ጻፉ። ገጹ ተከፈተ። መሃሉ ላይ መስኮት ብልጭ አለና እንደ ሐሳብ ጠፋ።

«አየሁት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሌላ ገጽ ይክፈቱ።»

ከፈቱ። ብልጭ አለ፤ ጠፋ።

«እኛ ጣቢያ ያለው ኮምፒውተር ይስማማሉ ወይ እያለ ያስቸግረናል» አለ። «የእርስዎ አያስቸግርም።»

እትዬ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «ያስቸግረኝ ነበር። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ኮምፒውተሬ፣ ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ፈቃድ ስጡን ይሉኛል። እኔን ቀኑን ሙሉ ሰው ፈቃድ ሲጠይቀኝ ነው የሚውለው። ይህን ልግዛ ወይ፣ ያንን ልሽጥ ወይ፣ ልውጣ ወይ። ደከመኝ። እሑድ ዕለት ፈልጌ ፈልጌ አንዲት ለጠፍኩ። ትስማማልኛለች። ዕረፍት አገኘሁ።»

«ፈገግ ያለች ፊት ናት?»

«አዎ፣ ደስ ትላለች።» ከዚያ እጃቸው ቁልፉ ላይ እንዳለ ቆመ።

ኢንስፔክተሩ አልቸኮለም።

«የቢሮው ብሮውዘር በማን የኢሜይል አድራሻ ነው የሚሠራው?» አለ።

«በኔ። የእኔ ማሽን ላይ የሌላ ሰው ስም አይገባም።»

«በአንድ አድራሻ የተከፈቱ ብሮውዘሮች ዕቃ ይዋዋሳሉ። እዚህ የለጠፉት እዚያም ይለጠፋል። እሑድ ቢሮው ሲቆለፍ እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙቀቱ ወርዶ አያውቅም ነበርና ማንም አላየም። ትናንት ግን ፊውዙ ተቃጠለ፤ ማሽኑ ሙቀት ወርዷል አለ፤ የእርስዎ ሠራተኛ ‹እሺ› አለችው።»

እትዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር ዓይናቸው ትንሽ ነበር።

«አቤቱታዬ ላይ ምን ብዬ ነው የፈረምኩት?»

«‹እሺ› ያለው ይታሰር፤ ልጄም ትፍታው።»

«ልጄ አይታዋለች?»

«ግልባጩን አንብባለች። ከጠዋት ጀምሮ ጣቢያ፣ አግዳሚ ላይ ናት።»

እትዬ ጥልፉን ጨርቅ ላፕቶፑ ላይ መልሰው አለበሱት፤ ጠርዙን አስተካከሉ፤ አሁንም አስተካከሉ።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብለህ ብትነግራቸው» አሉ። «ውሸት አይደለም። ፊውዙ ተቃጥሏል።»

«እሱን እርስዎ ይንገሯቸው። እኔ የማውቀውን ነው የምጽፈው።»

«ካልተናገርኩስ?»

«እሱ እንዲያም ሆኖ ዛሬ ይወጣል። ማን እንደገደላቸው ግን ሚስቱ አታውቅም፤ እሱን እየጠረጠረች ትኖራለች። ወይም እርስዎን።»

*

የጣቢያው ኮሪደር ረጅምና ጠባብ ነው። ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እናቷን ስታይ አልተነሣችም።

«ልታሳስሪው ነው ልታስፈቺው የመጣሽው?»

«ተቀመጪ» አሉ እትዬ፣ ልጅቷ ተቀምጣ እያለች። ከዚያ ራሳቸው ተቀመጡ። ኮሪደሩ ሲጠባቸው ያየው ሳጅን መንገድ ለቀቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«እንቁላሎቹን። እኔ ነኝ።» በዝግታ ነገሯት፤ ስለ መስኮቶቹ፣ ስለ እሑድ፣ ስለ አድራሻው። ሲጨርሱ ልጅቷ አልተቆጣችም፤ አልሳቀችም። 

አማቹ ወጣ። በአንድ እጁ ሱሪውን ይዟል፤ በሌላው ቀበቶውና የጫማ ማሰሪያዎቹ ያሉበት ፌስታል አለ። አማቱን ሲያይ ቆመ።

«አንተ አይደለህም» አሉት እትዬ።

«አውቃለሁ እማማ።»

«እኔ ነኝ።»

አማቹ ሚስቱን አየ፤ እሷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ጫማውን አየ።

«እኔም አንድ ነገር አለኝ» አለ። «ማታ የነበርኩት ከመንገዱ ማዶ ነው። ሥራ ጠይቄ።»

ሳጅኑ ይህን ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሮ ምንም የሌለበትን ግቢ በጣም በትኩረት ይመለከት ጀመር።

«ከሱ ጋ?» አሉ እትዬ።

«ከሱ ጋ።»

«ሰጠህ?»

«ሰጠኝ። ከግቢው ኋላ ክፍል አለው፤ እዚያ እንኖራለን።»

«እኔም አብሬው ነኝ እማዬ» አለች ልጅቷ።

«ማሽኔንስ ማን ያይልኛል?»

«ይደውልልሻላ።»

እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። ኢንስፔክተሩ ከጀርባ ሆኖ ሠፈሩ ሁሉ የሚሰማውን ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። አማቹ አግዳሚው ጫፍ ላይ እግሩን አስደግፎ ማሰሪያዎቹን ከፌስታሉ ለማውጣት ይታገል ነበር፤ ሱሪውንም ፌስታሉንም እየያዘ አልሆነለትም። እትዬ ተነሡና ፌስታሉን ከእጁ ተቀበሉት። ልጃቸውን ባገባበት ዕለት እንኳ የእሱን ዕቃ በእጃቸው አልነኩም ነበር። ቀበቶውን አውጥተው ሰጡት፤ ታጠቀ። አንዱን ማሰሪያ ሰጡት፤ አሰረ። ሁለተኛውን ሰጡት። እስኪጨርስ ባዶውን ፌስታል ይዘው ቆሙ።

«መኪናዬ ውጭ ናት» አሉ። «ላድርሳችሁ።»

«በእግራችን እንሄዳለን» አለች ልጅቷ።

«ያድርሱን» አለ አማቹ። «ሩቅ ነው።»

ሦስቱም ገቡ። ልጅቷና ባሏ ከኋላ ተቀመጡ። እትዬ መሪውን ይዘው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ መስታወቱ ውስጥ አይተዋቸው «የት ላውርዳችሁ?» አሉ።

«መንገዱ ያው ነው እማማ» አለ አማቹ። «ከበርዎ ፊት ለፊት።»

እትዬ መስታወቱን አስተካከሉና ሞተሩን አስነሡ።